ወርቁን ማን አኖረው?

ባለፈው ክረምት ኮምቦልቻ ላይ በነበረን የወጣቶች ኅብረት ከጥያቄ ሳጥኑ አንድ ወረቀት ወጣ። «‹ዘ ዊዛርድ ኦቭ ኦዝ› በሚባለው የድሮ ፊልም ውስጥ ያለው ፈሪው አንበሳ ግብረ ሰዶማዊ ነው የሚል ጽሑፍ ለትምህርት ተሰጥቶኝ አነበብኩ። ፊልሙን በስልኬ ሁለት ጊዜ አየሁት። እንደዚያ የሚል ነገር አላገኘሁበትም። ታዲያ ከየት አመጡት?» ይላል። አዳራሹ ሳቀ፤ ሰዓቱም አልቆ ስለነበር ወደ መዝጊያ ጸሎት ሄድን። ጥያቄው ግን ቁም ነገር አለው። በግልጽ ያልተነገረን ነገር «በውስጡ አለ» ማለት የሚቻለው መቼ ነው? ይህን ጥያቄ ቅኔም ይጠይቀናል፣ መጽሐፍ ቅዱስም ይጠይቀናል፣ ከጎረቤት ጋር ስንኖርም ይጠብቀናል። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልሂድበት።

ፊልሙን ላላያችሁ፦ እ.ኤ.አ. በ1939 ኤም ጂ ኤም የተባለው የሆሊዉድ ኩባንያ ያወጣው ሙዚቃዊ ፊልም ነው፤ ታሪኩ የተወሰደው ኤል. ፍራንክ ባውም በ1900 ካሳተመው የልጆች መጽሐፍ ነው። ዶሮቲ የምትባል የካንሳስ ገጠር ልጅ ዐውሎ ነፋስ ከነቤቷ አንሥቶ ወደማታውቀው አገር ይጥላታል። መንገድ ላይ ሦስት ጓደኞች ታገኛለች፤ አእምሮ የሚፈልግ የወፍ ማስፈራሪያ፣ ልብ የሚፈልግ የቆርቆሮ ሰው፣ ድፍረት የሚፈልግ አንበሳ። ዶሮቲን የተጫወተችው ያኔ የ16 ዓመት ልጅ የነበረችው ጁዲ ጋርላንድ ናት፤ አንበሳውን በርት ላር። አንበሳው እያገሣ ይመጣል፤ ዶሮቲ አፍንጫውን ስትመታው ግን እንደ ሕፃን ያለቅሳል፣ እንባውንም በጅራቱ ይጠርጋል። በኋላ ጎፈሩ ተጠቅልሎ ሪባን ይታሰርለታል። ድምፁ ይለሰልሳል፣ አካሄዱ ይሞናደላል። በዘፈኑ ውስጥ ራሱን የሚጠራበት ቃልም እኛ ዘንድ «ሴታሴት» ተብሎ ለሚሰደብ ልጅ በአሜሪካ ሰፈሮች የሚወረወር ቃል ነው።

እህታችን ወይም ወንድማችን ያነበበው ጽሑፍ «ኩዊር ንባብ» ከሚባለው የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ የመጣ ነው። «ኩዊር» የሚለው ቃል መጀመሪያ «እንግዳ፣ ወጣ ያለ» ማለት ነበር፤ ኋላ ግብረ ሰዶማውያን የሚሰደቡበት ሆነ፤ ከዚያ ራሳቸው ተሰዳቢዎቹ ቃሉን አንሥተው የራሳቸው መጠሪያ አደረጉት። ቪቶ ሩሶ የተባለ አሜሪካዊ በ1981 «ዘ ሴሉሎይድ ክሎዜት» በሚል መጽሐፉ የሆሊዉድን ፊልሞች አንድ በአንድ እየመረመረ እንዲህ ያሉ ገጸ ባሕርያት እንዴት እንደተደበቁ፣ እንዴት እንደተሳቀባቸው፣ በታሪኩ መጨረሻ ላይም ስንቶቹ እንደሞቱ ጻፈ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ዳየር በ1986 ጁዲ ጋርላንድን እነዚህ ሰዎች ለምን እንደወደዷት ጻፈ። አሌክሳንደር ዶቲ ደግሞ ከ1993 ጀምሮ ነገሩን ወደ ንድፈ ሐሳብ ከፍ አደረገው። ከእነዚህ ጸሐፊዎች ጋር በብዙ ነገር ላንስማማ እንችላለን፤ እኔም አልስማማም። ግን ሳያነቧቸው መሳቅ ቀላል ስለሆነ፣ እስቲ በመጀመሪያ የሚሉትን በሚገባ እንስማ።

ያንን ዘመን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ሆሊዉድ «ፕሮዳክሽን ኮድ» የሚባል የሥነ ምግባር ደንብ ነበረው፤ በ1930 ወጣ፣ ከ1934 ጀምሮ ጥርስ አወጣ፣ በ1968 በዕድሜ ደረጃ ምደባ ተተካ። የጻፉት ዳንኤል ሎርድ የተባለ የካቶሊክ ካህንና ማርቲን ክዊግሊ የተባለ የካቶሊክ ምእመን አሳታሚ ናቸው። ደንቡ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ማሳየትን ብቻ ሳይሆን መጠቆምንም ከለከለ። (አንዳንዶቻችን «ምነው ዛሬም እንዲህ ያለ ቦርድ በኖረ» እንላለን። ቀጥሎ የሆነውን ማየት ደግ ነው።) የተከለከለው ነገር ከፊልሙ አልጠፋም፤ ወደ ምልክት ተለወጠ። በ1935ቱ «ቶፕ ሃት» ውስጥ ኤድዋርድ ኤቨረት ሆርተን የሚጫወተው ሆራስ የሚባል ሰው አለ፤ ባለትዳር ነው፣ ግን አብዛኛውን ጊዜውን ከአሽከሩ ጋር ስለ ክራባት ሲነታረክ እንደ አኮረፉ ባልና ሚስት ነው የሚያሳልፈው። ማንም ምንም አላለም። ሳንሱሩም አሳለፈው፤ ምክንያቱም አስቂኝ ነበር። እንግዲህ ደንቡ ባይፈልገውም ያስከተለው ይህ ነው፦ እንዲህ ዓይነት ሰው በቁም ነገር፣ ከነሐዘኑና ከነክብሩ መታየት አይችልም፤ የሚሳቅበት ከሆነ ግን ያልፋል። ፈሪው አንበሳም በዚያ በር ነው የገባው።

ለእኛ ይህ ሁሉ እንግዳ መሆን የለበትም። ሰምና ወርቅ የሚያውቅ ሕዝብ ነን። ከቅኔ ቤቶች አንዱ የዋድላ ነው፤ ዋድላም የወሎ ነው። ባለ ቅኔው ኅብረ ቃል ይመርጣል፤ ላይ ላዩን አንድ ነገር ይላል፣ ከሥር ሌላ ያኖራል፤ ተማሪው ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ያወጣል። እዚያ ወርቁ መኖሩ አያጠራጥርም፤ ያኖረው ሰው አለ፣ አኑሮታልም። አዝማሪውም እንደዚያው ነው።

ሁለተኛ ዓይነት ወርቅ ደግሞ አለ፤ እሱን ዘመን ያኖረዋል። የጥላሁን ገሠሠ «አልቻልኩም» የፍቅር እሮሮ ሆኖ ሳለ ሕዝቡ የፖለቲካ እሮሮ አድርጎ እንደሰማው በስፋት ይነገራል። አፍ በተያዘበት ጊዜ ጆሮ ይስላል። የእኛም ወላጆች ይህን ያውቁታል። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ በየቤቱ ይሰበሰቡ ነበር፤ ለጎረቤት የልደት ድግስ ወይም ቡና መስሎ። በዝግታ የሚዘመር መዝሙር፣ ለሌላው ተራ የሆነ ሰላምታ፣ በር የሚንኳኳበት መንገድ፣ ሁሉም ለሚያውቀው ትርጉም ነበረው። ሁለቱን ነገሮች እኩል ማድረጌ አይደለም፤ ወንጌልን መደበቅና ይህ አንድ አይደሉም። የምለው፣ መናገር የተከለከለ ሰው ለምን በምልክት እንደሚናገርና የሌላውን ምልክት ለምን በርሃብ እንደሚፈልግ ከእኛ ቤት ይልቅ በቅርብ ሊረዳው የሚችል ቤት ብዙ የለም ነው።

ሦስተኛውን ወርቅ ሰሚው ራሱ ይዞት ይመጣል። ወሎ ውስጥ ያደገ ሁሉ የሼህ ሁሴን ጅብሪልን ግጥሞች ቡና ላይ ሰምቷል። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር አንድ ሽማግሌ «ይኸው፣ ተናግረውት ነበር» ይላሉ። በንጉሡ ጊዜ ንጉሡን፣ በደርግ ጊዜ ደርግን፣ ከዚያም ተከታዩን ያነቡበታል፤ ስንኙ ግን ያው ስንኝ ነው። የሼሁን ትንቢት ለመመዘን አይደለም ያነሣሁት። ሰው በግጥም ውስጥ የራሱን ዘመን እንዴት እንደሚያገኝ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ስለማላውቅ ነው።

አሁን ወደ ፊልሞቹ እንመለስ። «ካላሚቲ ጄን» የ1953 ፊልም ነው፤ ዶሪስ ዴይ ሱሪ ለብሳ፣ ሽጉጥ ታጥቃ፣ እንደ ወንድ እየተራመደች የምትጫወትበት። ኬቲ ከምትባል ሴት ጋር አንዲት ጎጆ አድሰው አብረው ይኖራሉ። ከዚያ «ሲክሬት ላቭ» የሚለውን፣ የኦስካር ሽልማት ያገኘውን ዘፈን ትዘፍናለች፤ ለረጅም ጊዜ በልብ ተደብቆ ስለኖረና በመጨረሻ ስለተገለጠ ፍቅር። ፊልሙ ፍቅሩ ለማን እንደሆነ ይናገራል፤ ለቢል ሂኮክ ነው፤ መጨረሻውም ድርብ ሠርግ ነው። እንግዲህ «ፊልሙ ካላሚቲ ሴት እንደምታፈቅር ይነግረናል» ቢባል፣ ይህ ውሸት ነው። «ፍቅራቸውን ለመናገር የሚፈሩ ብዙ ሴቶች ያንን ዘፈን ሰምተው የራሳቸው አደረጉት» ቢባል ግን እውነት ነው። የመጀመሪያው ስለ ፊልሙ የተሰጠ ምስክርነት ነው፤ ሁለተኛው ስለ ሰሚዎቹ። ብዙ ጽሑፎች ከሁለተኛው ተነሥተው አንባቢው ሳያስተውል ወደ መጀመሪያው ይሻገራሉ፤ እኔ የምቃወመው ይህንን መሻገር ነው።

ዶቲ እዚህ ላይ ይከራከረኛል። «ሠርጉ ግልጽ ትርጉም፣ የእኔ ንባብ ደግሞ ትርፍ ትርጉም ነው ያለው ማነው? ሁሉም ሰው ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር ተቃራኒ ፆታ ይወዳል የሚለው ግምትም እኮ እናንተ ወደ ፊልሙ ያስገባችሁት ነው» ነው የክርክሩ ፍሬ ነገር። ቀላል መከራከሪያ አይደለም። ስለ ካላሚቲ አያሳምነኝም፤ ፊልሙ አፉን ሞልቶ ተናግሯልና። ስለ አንበሳው ግን ግማሹ እውነት አለው። ፊልሙ ስለ አንበሳው ፍቅር ምንም አይልም፤ ስለ ቆርቆሮው ሰውም፣ ስለ ማስፈራሪያውም እንዲሁ። ስለ ሁለቱ ማንም አይጠይቅም፤ ስለ አንበሳው ብቻ ይጠየቃል። ለምን? ድምፁ ስለለሰለሰና ስላለቀሰ። ከ«ለስላሳ ነው» ተነሥቶ «ወንድ ይወዳል» ላይ መድረስ ትልቅ ዝላይ ነው፤ ይህን ዝላይ ደግሞ መጀመሪያ የዘለለው ተሳዳቢው ነው። አንበሳውን የሚወዱት ተንታኞች ከተሳዳቢው መዝገበ ቃላት ተበድረው መጻፋቸው እኔን ይገርመኛል። በእርግጥ ሩሶ ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑን ለማሳየት ብዙ ደክሟል፤ የፊልም ሠሪዎቹ «ሴታሴት» የሚለውን ቀልድ ተመልካቹ እንዲገባው አድርገው እንዳኖሩት እቀበላለሁ። ያኖሩት ግን ቀልድ ነው። ከቀልዱ ጀርባ ያለ ሰው አላኖሩም፤ ሰውየውን ፍለጋ የሄዱት ተመልካቾች ናቸው።

«እናንተስ መኃልየ መኃልይን ስለ ክርስቶስና ስለ ቤተ ክርስቲያን ነው እያላችሁ አይደል የምታስተምሩት?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። እዚያ የሚታየው ሙሽራና ሙሽራ ነው፤ እኛ ደግሞ ከዚያ አልፈን እናነባለን። ይህን ጥያቄ ሳስብ የረዳኝ የኦርቶዶክስ ሊቃውንት የአንድምታ ትርጓሜ ነው። ስሙ ራሱ ዘዴውን ይናገራል። መምህሩ አንድ ትርጉም ይሰጣል፤ ከዚያ «አንድም» ብሎ ሌላ ያክላል፤ ከዚያ እንደገና «አንድም»። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይሽርም፣ ከጎኑ ይቀመጣል፤ አድማጩም ከፊደሉ ተነሥቶ የትኛው ድረስ እንደተኬደ ያውቃል። «አንድም» ብሎ ማንበብና «ነው» ብሎ መፍረድ የተለያዩ ናቸው። ኩዊር ንባብ «አንድም» ሲል ከእኔ ጋር ብዙ ጠብ የለውም፤ የማልቀበለውን ሳልቀበል እሰማዋለሁ። «ነው» ሲል ግን ማስረጃ እጠይቀዋለሁ።

ዶቲን ከነመጽሐፉ ልተወውና ወደ ደሴ ልውጣ። ከፒያሳ እስከ ሆጤ ድረስ ማታ ማታ ሁለት ጎረምሶች ጣት ለጣት ተቆላልፈው ሲሄዱ ታያላችሁ። የትከሻ ሰላምታውን፣ ክንድ ትከሻ ላይ ጥሎ ማውራቱን እዩ። ለእኛ ጓደኝነት ነው። ከውጭ የመጣ እንግዳ ግን በአገሩ መዝገበ ቃላት ሲያነበው ሌላ ነገር ያነብበታል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የማየው ነገር ያሳዝነኛል፤ ስልክ ላይ የውጭ ፊልም እያዩ ያደጉ ልጆቻችን እጅ ለእጅ መያያዝን ማፈር ጀምረዋል። አንዱ ሲይዘው ሌላው ሳቅ ብሎ ይፈታል፣ «ሰው ምን ይላል» ይላል። የውጭውን ንባብ አንቀበልም እያልን ንባቡን ግን ተቀብለነዋል፤ የተቀበልነው በፍርሃት በኩል ስለሆነ አልታወቀንም። ዳዊትና ዮናታን ሲለያዩ ተቃቅፈው ተላቅሰዋል፤ ዳዊት በልቅሶው ላይ የዮናታንን ፍቅር ከሴት ፍቅር አስበልጦ ተናግሯል። ይህንንም ዛሬ በኩዊር ንባብ የሚያነቡት አሉ። እኔ የማነበው እንደ ቃል ኪዳን ወዳጅነት ነው፤ ምክንያቱም ወንድ ወንድን እንዲህ የሚወድበት፣ የሚያለቅስበትና የማያፍርበት አገር ውስጥ ነው ያደግሁት። ያ አገር ከጠፋ ልጆቻችን የዮናታንን ታሪክ የሚያነቡበት ዓይን አብሮ ይጠፋል።

አሁን ከባዱ ላይ ደረስኩ። ፊልም ላይ ያለ አንበሳ በተሳሳተ ንባብ አይጎዳም። ሰው ግን ይጎዳል፤ እኛ ደግሞ ሰው እናነባለን። በየመዘምራኑ ውስጥ ድምፁ ቀጠን ያለ፣ አለባበሱ የተስተካከለ፣ ኳስ የማይወድ፣ ከእህቶች ጋር ማውራት የሚቀናው አንድ ወንድም አይታጣም። «ሴታሴት» ይባላል። ሱሪ የምታዘወትር፣ ፈጠን ብላ የምትራመድ እህት «ወንዳወንድ» ትባላለች። መጀመሪያ ቀልድ ነው። ከዚያ አንዱ የቴሌግራም ቡድን ላይ ምስሉን ከሳቅ ምልክት ጋር ይለጥፋል። ከዚያ ቀልዱ «ይባላል» ይሆናል፤ «ይባላል» ደግሞ «ነው» ይሆናል። በአገራችን ይህ ቃል ቀላል አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ድርጊቱን በእስራት ያስቀጣል፤ ከሕጉ በፊት ደግሞ ሰፈሩ አለ፣ አከራይ አለ፣ አባት አለ። ምንም ሳያደርግ፣ በድምፁ ቅጥነት ብቻ ቤቱን የሚያጣ ልጅ ሊኖር ይችላል። አሥርቱ ትእዛዛት በሐሰት መመስከርን የሚከለክሉት ፍርድ ቤት ለቆመ ሰው ብቻ አይደለም።

ካህኑ ዔሊ ሐናን ያነበበበት መንገድ ሁልጊዜ ወደ አእምሮዬ ይመጣል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። ምልክቱ በፊቱ ነው፤ ለዓመታት በቤተ መቅደሱ በር የተቀመጠ፣ ብዙ ሰካራም ያየ ሰው ነው። ሰክራለች አለ። ያየው ሁሉ ልክ ነበር፤ ያነበበው ግን ስሕተት ነበር። ዔሊን የማከብርበት አንድ ነገር አለ፤ ያሰበውን ለሌላ ሰው አላወራም፣ ለራሷ ነገራት። ስለዚህ መልስ የመስጠት ዕድል አገኘች፤ እሱም ሰምቶ ባረካት። ለሌሎች ሹክ ብሎ ቢሆን ኖሮ ሐና ስለ ሳሙኤል ትጸልይ እንደነበር ማንም ሳያውቅ የሴሎ ሰካራም ሆና ትቀር ነበር።

«የሆነስ እንደሆነ? ንባባችን ትክክል ቢሆንስ?» ትሉኝ ይሆናል። በመካከላችን እንዲህ ያለ ስሜት ይዞ በዝምታ የሚታገል ወጣት አለ ወይ ከሆነ ጥያቄው፣ አለ ብዬ ነው የማስተምረው። ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ጋብቻ የምታስተምረውን አምናለሁ፤ ይህን የጻፍኩት ያንን ለማላላት አይደለም። ግን ያ ወጣት በአዳራሻችን ተቀምጦ ስለ እርሱ ያለን ቃል በሳቅ ብቻ ሲነገር ከሰማ፣ እኛ ለእርሱ የሆሊዉድን ደንብ ነው የሠራንለት፤ እንዲሳቅበት ፈቀድን፣ እንዲናገር ግን ከለከልን። ከዚያ ወደ ስልኩ ይሄዳል፤ ራሱን የሚያገኝበትን ዘፈን፣ ራሱን የሚያይበትን አንበሳ ፈልጎ ያገኛል። እዚያ ማግኘቱን ስንሰማ ደግሞ እንቆጣለን። ከዘፈኑ ጋር የምንከራከረውን ያህል፣ ማን ጋ ሄዶ ሊናገር ይችል እንደነበር መጠየቅ ይገባናል። የሚናገርለት አንድ የታመነ ሽማግሌ፣ የሰማውን ለኮሚቴ የማያደርስ አንድ አገልጋይ በየአጥቢያው መኖር አለበት። ይህን በተግባር ያዘጋጀ አጥቢያ ካለ ልማርበት እወዳለሁ።

ስለ ንባብ ስናወራ የአገራችን ሰው ሳይነሣ አይቀርም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለው ጃንደረባ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነብባል። (ጃንደረባነት ከዚህ ጽሑፍ ርእስ ጋር አንድ አይደለም፤ ማንም አንድ እንዲያደርገው አልፈልግም።) ለፊልጶስ ያቀረበው ጥያቄ ነቢዩ ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ሰው የሚናገረው የሚል ነው። የእኛው ጥያቄ ነው፤ ይህ ገጽ ስለ ማን ነው? ያነበበው ስለ ተናቀ፣ ዘር ሳይተካ ከሕያዋን ምድር ስለ ተወገደ ሰው ነው። በዘዳግም 23 ሕግ ከጉባኤው የሚከለከል ሰው ያንን ክፍል ምን ልብ ይዞ እንደሚያነብ መገመት አይከብድም። ፊልጶስ «ራስህን እያነበብክበት ነው» ብሎ አልገሠጸውም። ስለ አካሉም አንድ ጥያቄ አልጠየቀውም። ሠረገላው ላይ ወጣ፣ አጠገቡ ተቀመጠ፣ ሰውየው ካቆመበት ገጽ ጀመረ፤ ገጹ ስለ ማን እንደሆነም በስሙ ነገረው። ውኃ አጠገብ ሲደርሱ ጃንደረባው የሚከለክለኝ ነገር አለ ወይ ብሎ የጠየቀው ከብዙ መከልከል የተነሣ ይመስለኛል። ተጠምቆ በደስታ መንገዱን ቀጠለ። በዚያው በኢሳይያስ መጽሐፍ፣ ካቆሙበት ሦስት ምዕራፍ ወረድ ብሎ ለጃንደረቦች የተሰጠ ተስፋ አለ፤ ወደ አገሩ ሲመለስ አንብቦት ይሆናል።